ደም ብዛትን "የንዴት በሽታ" ማለት ይብቃን፤ ምክንያቱን ከገበታችን፣ ከበርጫውና ከእንቅልፋችን እንፈልገው



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ተዕዚያ በተቀመጥንበት ቤት ሁሉ ተደጋግሞ የምንሰማው ወሬ አለ። አንዱ "ምን አግኝቶት ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ሌላው "ደም ብዛት ነበረበት፤ ያን ዕለት ሰው አናደደውና በዚያው ወደቀ" ብሎ ይመልሳል። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ጥፋቱ ወይ ገንዘቡን በካደው ሰው፣ ወይ በልጁ፣ ወይ በሚስቱ ላይ ይወድቃል። ሟቹ ግፊቱን ለመጨረሻ ጊዜ የተለካው መቼ እንደነበር የሚጠይቅ የለም። መድኃኒቱን ካቆመ ስንት ወር እንደሆነው የሚጠይቅም የለም።

ይህ ወሬ ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ ምንም ያላደረገን ሰው በነፍስ ያስጠረጥራል። ሁለተኛውና የባሰው ደግሞ እዚያው የተቀመጡት ወጣቶች "እኔ ተናዳጅ አይደለሁም፤ ስለዚህ አያሰጋኝም" ብለው እንዲነሱ ማድረጉ ነው። የበሽታው እውነተኛ ምክንያቶች ግን ከዚያ ቤት አብረዋቸው ይወጣሉ፤ ማታ አብረዋቸው ገበታ ይቀርባሉ፤ ሌሊት አብረዋቸው ስልክ ላይ ያመሻሉ።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ደም ብዛት መነሻዎች በግልጽ መነጋገር ፈልገናል። በተለይ የምናናግረው ከ18 እስከ 40 ባለው ዕድሜ ላይ ያላችሁትን ነው።

*ስሙ ራሱ ያሳስታል*

"ደም ብዛት" ሲባል ደም ከልክ በላይ የበዛ ይመስላል። ከዚህ የተነሳ ብዙ ሰው መፍትሔውን ደም በማስቀዳት ወይም "ደም ያቀጥናል" የተባለን ነገር ሁሉ በመጠጣት ይፈልጋል። ጎልማሳ ሰው በሰውነቱ ውስጥ ያለው ደም 5 ሊትር ገደማ ነው። ግፊቱ ከፍ ያለበትም ሰው 7 ወይም 8 ሊትር ደም ተሸክሞ አይዞርም። ችግሩ ያለው ደሙ በሚያልፍበት ቧንቧ ግድግዳ ላይ በሚያሳርፈው ጫና ነው።

በጎማ አትክልት ያጠጣ ሰው ይህንን በቀላሉ ይረዳዋል። የጎማውን ጫፍ በጣት ጨበጥ ሲያደርጉት ውሃው ሳይጨምር ግፊቱ ይጨምራል። የደም ሥሮቻችንም ሲጠቡና ሲደድሩ ልብ ያንኑ ደም ለማሳለፍ አብዝታ መግፋት ይኖርባታል።

ስንለካ የሚነገሩን ሁለት ቁጥሮች ናቸው። የላይኛው ልብ ስትጨመቅ ያለው ግፊት ነው፤ የታችኛው በሁለት ምት መካከል ልብ ስታርፍ ያለው ነው። ከ120 በ80 በታች ሲሆን ጥሩ ነው። በሁለት የተለያዩ ቀናት ተለክቶ የላይኛው 140 ወይም ከዚያ በላይ፣ አለዚያም የታችኛው 90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን የደም ግፊት በሽታ አለ ይባላል። ከሁለቱ አንዱ ከፍ ማለቱ ይበቃል።

ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ትመታለች። ግፊቱ ከፍ ያለበት ሰው የደም ሥሩ ግድግዳ በየቀኑ 100,000 ጊዜ ከአቅሙ በላይ ይደበደባል ማለት ነው። የአንጎል ደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ ስትሮክ ይሆናል። ልብ ጡንቻዋ ወፍሮ በመጨረሻ ይደክማታል። ኩላሊት ማጣሪያዎቹ አንድ በአንድ ይሞታሉ። ዓይንም ብርሃኑን ያጣል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በአንድ ቀን ንዴት ሳይሆን በዓመታት ነው።

*ታዲያ ንዴትስ?*

ንዴት ምንም አያደርግም እያልን አይደለም። ሰው ሲቆጣ፣ ሲደነግጥ ወይም ሲሮጥ አድሬናሊን የሚባለው ንጥረ ነገር በደሙ ውስጥ ይለቀቃል፤ ልቡ ይፈጥናል፤ ግፊቱም ይወጣል። ጤነኛ ሰው ሲረጋጋ ግፊቱ ወደ ቦታው ይመለሳል። የደም ሥሩ ለዓመታት ሲጎዳ የኖረ ሰው ግን ያቺ የአንድ አፍታ ጭማሪ የመጨረሻዋ ልትሆንበት ትችላለች። ዛፍ ሲወድቅ "ነፋስ ጣለው" እንላለን፤ ግንዱን ከውስጥ የጨረሰው ግን ምስጥ ነው። እኛ ነፋሱን ስንራገም ምስጡ ወደሚቀጥለው ዛፍ ይሄዳል።

ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ጭንቀትም የራሱ ድርሻ አለው። የተጨነቀ ሰው አይተኛም፤ አብዝቶ ይበላል፤ ሲጋራና ጫት ያበዛል። ጭንቀት ጉዳቱን በአብዛኛው የሚያደርሰው በእነዚህ በሮች ገብቶ ነው።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ምክር ለጠየቃቸው ሰው ቁጣን እንዲተው ደጋግመው መክረዋል። ቁጣን መግታት ለዲናችንም ለልባችንም ይበጃል። ነገር ግን ድምፁ የማይሰማ፣ ሁሌም ፈገግታ የማይለየው፣ ሰው አስቀይሞ የማያውቅ ሰውም ግፊቱ 170 ሊሆን ይችላል። ግፊት ጠባይ አይመርጥም።

*ምስጡ የት ነው ያለው?*

ሐኪሞች እንደሚሉት ከ100 የግፊት ታማሚዎች ከ90 እስከ 95 በሚሆኑት ላይ "ያመጣው ይህ ነው" ተብሎ የሚጠቆም አንድ በሽታ አይገኝም። የትውልድ ዝንባሌና የአኗኗር ልማድ ለዓመታት ተደራርበው ነው የሚያመጡት። በቀሩት ላይ ደግሞ ሌላ የተደበቀ ሕመም አለ። ዋና ዋናዎቹን እንያቸው።

1ኛ) ጨው። ኩላሊት ትርፍ ጨውን በሽንት ያስወጣል። ጨው ሲበዛበት ሰውነት ውሃ ይይዛል፤ ኩላሊትም ያንን ትርፍ ገፍቶ ለማውጣት ከፍ ያለ ግፊት ያስፈልገዋል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ከፍ ያለው ግፊት ቋሚ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። በ2015 (እ.ኤ.አ) በሀገራችን በተደረገው ብሔራዊ ጥናት የአንድ ሰው አማካይ የቀን ፍጆታ 8.3 ግራም ሆኖ ተገኝቷል።

"እኔ ምግብ ላይ ጨው አልነሰንስም" የሚል ብዙ ነው። ጨዉ ግን እኛ ገበታ ከመቅረባችን በፊት ገብቷል። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጅ ገብቷል፤ ወጡ ሲሠራ እንደገና ተጨምሯል፤ ሚጥሚጣው ውስጥ አለ፤ ዳቦው ውስጥ አለ። በብዙ ቤት ቡና የሚጠጣው በጨው ነው። በዚህ ላይ በትናንሽ ወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠው የሾርባ ቅመም፣ ቺፕሱና ሌላው የታሸገ ምግብ ሲታከል አንድ ሰው ሳያውቀው ከልኩ እጥፍ ሊበላ ይችላል። ኒካሕ ቤት ስንሄድማ ልክ የሚባል ነገር የለም።

በሌላ በኩል የጨውን ጉዳት የሚያለዝበው ፖታሲየም የሚባለው ማዕድን ያለው እንደ ጎመን፣ ቲማቲም፣ ድንች፣ ሙዝ፣ አቮካዶና ባቄላ ባሉት ውስጥ ነው። የከተማ ወጣት ምሳው በርገርና የተጠበሰ ድንች በጨው፣ መክሰሱ ሳምቡሳ ሲሆን ጨዉ ይጨምራል፤ አትክልቱ ይጠፋል።

2ኛ) ጫት። የጫትን ሸሪዓዊ ብይን ለዑለማዎቻችን እንተወውና በደም ሥር ላይ የሚያደርገውን እንይ። ትኩስ ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር አለ። የልብ ምትን ያፈጥናል፤ የደም ሥርን ያጠባል፤ ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ጫት የቃመ ሰው ልቡ ድው ድው ሲልበት "መረቀንኩ" ይላል፤ ያ ምት ግን ልቡ ከወትሮው በላይ እየሠራች መሆኗን ነው የሚናገረው። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ለአራት ለአምስት ሰዓት በርጫ የሚቀመጥ ሰው ልቡን በየቀኑ ለአራት ለአምስት ሰዓት ዳገት ያስወጣታል፤ እግሩ ግን ከምንጣፉ አልተነሳም።

በርጫ ደግሞ ብቻውን አይመጣም። ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ አለ፤ ሲጋራና ሺሻ አለ፤ ሌሊት ደግሞ እንቅልፍ የለም። "ለጥናት ያነቃል፣ ለዱዓ ያበረታል" የሚሉ ወንድሞች አሉ። እኛ የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ሱብሒን በጀማዓ የሚያሳጣና ልብን የሚያደክም ብርታት ምን ዓይነት ብርታት ነው? ጫቱን ትቶ በኢነርጂ መጠጥ የተካውም ወጣት ቢሆን ብዙ አልራቀም፤ እሱም ግፊትን ከፍ ያደርጋል።

እዚህ ላይ አላህን ማመስገን ይገባናል። ከታወቁት የግፊት መንስኤዎች አንዱ አልኮል ነው፤ ይህንን በር ዲናችን ዘግቶልናል። አንዱ በር ተዘግቶልን ሳለ በጓሮ ሌላ በር መክፈት ግን ለጸጋው ተገቢ ምስጋና አይሆንም።

3ኛ) መቀመጥና ቦርጭ። ባጃጅ የሚነዳው፣ ሱቅ የሚውለው፣ ኮምፒውተር ላይ የሚያመሸው ወጣት ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል። ሆድ አካባቢ የሚከማች ስብ ኩላሊትንም ደም ሥርንም ያውካል። ክብደት በጨመረ ቁጥር ግፊት ይከተላል። ደስ የሚለው ግን ክብደት ሲቀንስ ግፊትም አብሮ መቀነሱ ነው፤ ክብደት የበዛበት ሰው አንድ ኪሎ በቀነሰ ቁጥር የላይኛው ግፊቱ በአንድ ገደማ ይወርዳል። በአንዳንድ ሰፈር ቦርጭ የሀብትና የምቾት ምልክት ተደርጎ ይሞካሻል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግን ሆድን መሙላት እንደሚጎዳ፣ ሰው መብላቱ ካልቀረ አንድ ሦስተኛውን ለምግብ፣ አንድ ሦስተኛውን ለመጠጥ፣ አንድ ሦስተኛውን ለትንፋሽ እንዲተው አስተምረውናል።

4ኛ) እንቅልፍ። ጤነኛ ሰው ሲተኛ ግፊቱ ይወርዳል፤ ደም ሥሮቹም በዚያ ሰዓት ያርፋሉ። እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ስልክ ላይ የሚያመሽ ሰው ይህችን እረፍት ይነሳቸዋል። ጮክ ብሎ የሚያንኮራፋና በመሐል ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ የሚልበት ሰው ደግሞ የተለየ ችግር አለበት፤ ትንፋሹ በተቋረጠ ቁጥር ሰውነቱ ይደነግጣል፤ ግፊቱም ይወጣል። ይህ የሚሳቅበት ነገር ሳይሆን ሐኪም የሚያየው ሕመም ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከዒሻ በኋላ ያለ ጉዳይ ማምሸትን ይጠሉ እንደነበር ስንቶቻችን እናስታውሳለን?

5ኛ) የቤተሰብ ውርስ። አባት ወይም እናት ግፊት ካለባቸው የልጅ ዕድልም ከፍ ይላል። ይህ ፍርድ ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ነው። አባቱ በስትሮክ የተኛበት ወጣት ከጓደኞቹ ቀድሞ መለካት፣ ከጓደኞቹ ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት።

6ኛ) የተደበቁ ሕመሞችና ክኒኖች። ገና በወጣትነቱ ግፊቱ በጣም ከፍ ያለ ሰው ኩላሊቱ ታሞ፣ ወደ ኩላሊት የሚሄደው የደም ሥር ጠብቦ፣ ታይሮይዱ ተዛብቶ ወይም ከኩላሊት በላይ ያለችው ትንሽ እጢ ከልክ በላይ ሆርሞን እያመነጨች ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሲታከሙ ግፊቱም አብሮ የሚስተካከልበት ጊዜ አለ። ስለዚህ "ግፊት ነው" ተብሎ ክኒን ብቻ ተይዞ መመለስ በቂ አይደለም፤ "ለምን መጣ?" ብሎ መመርመር ያስፈልጋል።

ክኒኖችም አሉ። ለወገብና ለራስ ሕመም እንደ ከረሜላ የሚወሰዱት ዲክሎፍናክና አይቡፕሮፌን፣ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የሚዋጡ የስቴሮይድ ክኒኖች፣ አንዳንድ የእርግዝና መከላከያዎች ግፊትን ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ። እህቶቻችን ይህንን ልብ በሉ። በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ ግፊት ደግሞ ለእናትም ለልጅም አደገኛ ነው፤ ክትትል ማቋረጥ ፈጽሞ አይገባም።

*"እኔ እኮ ወጣት ነኝ፤ ምንም አያመኝም"*

ትልቁ ወጥመድ ይህ ነው። ግፊት በአብዛኛው ምንም ምልክት የለውም። ራስ ምታት ስለሌለ ግፊት የለም ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 (እ.ኤ.አ) በዓለም ላይ ከ30 እስከ 79 ዓመት ከነበሩ ሰዎች 1.28 ቢሊዮን ያህሉ ግፊት እንደነበረባቸው ሲገምት ከእነዚህ ወደ ግማሽ የሚጠጉት እንዳለባቸው አያውቁም ነበር ብሏል። በሀገራችን በዚያው በ2015ቱ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆኑት መካከል ከመቶ 16 ገደማ የሚሆኑት ከፍ ያለ ግፊት ነበረባቸው፤ ከስድስት ሰው አንዱ ማለት ነው። በጀማዓ ስንሰግድ በአንድ ሰፍ ላይ ከቆምነው ውስጥ ስንቱ እንደሆነ አስቡት።

አንድ ወጣት በ27 ዓመቱ ግፊቱ ከፍ ብሎ በ47 ዓመቱ ቢታወቅ በመሐል 20 ዓመት አለፈ። በእነዚያ ዓመታት ልቡ ከ700 ሚሊዮን ጊዜ በላይ መትታለች፤ እያንዳንዷ ምት የደም ሥሩን ግድግዳ አድክማለች። በ47 ዓመቱ ወድቆ ሲገኝ "ማን አናደደው?" ብለን እንጠይቃለን።

ያኔ የሚወድቀው እሱ ብቻ አይደለም። ግማሽ ጎኑ የማይንቀሳቀስ አባት ያለበት ቤት ምን እንደሚመስል ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ሱቁ ይዘጋል፤ ትልቁ ልጅ ትምህርቱን ያቋርጣል፤ እናት ቀን ከሌት አስታማሚ ትሆናለች። ኩላሊቱ ሥራ ያቆመበት ሰው በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ እጥበት ያስፈልገዋል፤ ለዚያ የሚሆን ገንዘብ በየመስጂዱ በር ሲለመን እናያለን። ይህ ሁሉ በአምስት ደቂቃ ልኬታና በርካሽ ክኒን ሊዘገይ ወይም ሊቀር ይችል የነበረ መሆኑ ነው የሚያንገበግበው።

*ሒጃማ፣ ጥቁር አዝሙድና ክኒን*

ሒጃማም ጥቁር አዝሙድም በሐዲስ የተወሱ ናቸው፤ እኛም እናከብራቸዋለን። የሺፈራው ቅጠልም ነጭ ሽንኩርትም ሐላል ምግብ ናቸው። ክርክራችን ከእነሱ ጋር አይደለም። ክርክራችን "ሒጃማ ካሠራህ ክኒኑን ጣለው" ከሚለው ሰው ጋር ነው። እንዲህ የሚል ሰው የታማሚውን ግፊት ለክቶ አያውቅም፤ ከወር በኋላ ተመልሶ አይጠይቀውም፤ ሲወድቅም አብሮት ሆስፒታል አያድርም።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አላህ መድኃኒት ያላደረገለት በሽታ እንደሌለ ነግረውናል፤ እንድንታከምም አዘውናል። የቀደሙት ሙስሊሞች ይህን ሲሰሙ ምርምር ውስጥ ነው የገቡት። ደም ከልብ ወደ ሳንባ ሄዶ ወደ ልብ እንደሚመለስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ኢብኑ ነፊስ (ረሒመሁላህ) የሻፊዒይ ፊቅህ ዓሊምም የካይሮ ሐኪምም ነበር። በእሱ ዘንድ ዲንና ሕክምና አልተጣሉም።

"ክኒን አንዴ ከተጀመረ አይቆምም፤ ኩላሊት ይጨርሳል" የሚለውም ወሬ ሰው እየጎዳ ነው። በአብዛኛው ኩላሊትን የሚጨርሰው ያልታከመው ግፊት ነው። ክኒኑ ለረጅም ጊዜ የሚወሰደው ሱስ ስለሚያስይዝ ሳይሆን ምክንያቱ ስላልጠፋ ነው። ለክቶ ደህና መሆኑን ያየ ሰው "ድኛለሁ" ብሎ ክኒኑን ሲያቆም ግፊቱ ተመልሶ ይወጣል። ደህና የሆነው ክኒኑን ስለወሰደ ነበርና። መጠኑን መቀነስም ሆነ ማቆም የሚወስነው ሐኪም ነው።

"ሁሉም በቀደር ነው" ለሚሉም መልሳችን አጭር ነው። አዎ፣ ሁሉም በቀደር ነው። ግመሉን ሳያስር በአላህ ለመመካት ለፈለገው ሰው ግን ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ እንዲያስር ነግረውታል።

*ረመዳን ሲመጣ*

በረመዳን ሁለት ስህተት ይደጋገማል። አንደኛው መድኃኒትን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ነው። ብዙ የግፊት መድኃኒቶች በቀን አንድ ጊዜ ስለሚወሰዱ በኢፍጣር ወይም በሱሑር ሰዓት ሊስተካከሉ ይችላሉ፤ ስለዚህ ግፊቱ የተረጋጋ ታማሚ ብዙውን ጊዜ ሊጾም ይችላል። ነገር ግን ረመዳን ከመግባቱ ከሳምንታት በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት። መጾም የማይችል ሆኖ ከተገኘ ደግሞ አላህ ለታማሚ የሰጠው ፈቃድ አለ፤ ፈቃዱን መቀበልም ታዛዥነት ነው፤ ዝርዝሩን ዑለማዎችን መጠየቅ ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን "ክኒን ከምወስድ ጾሜን ልሙላ" ሲሉ በአክብሮትና በርኅራኄ የማስረዳት ኃላፊነት የልጆቻቸው ነው።

ሁለተኛው የኢፍጣር ገበታ ነው። ቀን የተረፈው ሁሉ ማታ በእጥፍ ይገባል፤ በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ፣ ጨው የበዛበት ሾርባ፣ ጣፋጭና ለስላሳ፤ ከተራዊሕ በኋላ ደግሞ በርጫ እስከ ሱሑር። ሆድን ሊያሳርፍ የመጣ ወር ለልብ የሥራ ወር ይሆንባታል። ተምርና ውሃ፣ ቀለል ያለ ሾርባ፣ አትክልት ያለበት እራት ብንለምድ ጾሙ ለግፊትም ይጠቅም ነበር።

*ምን እናድርግ?*

ለእያንዳንዳችን፦

— ዕድሜህ 18 ካለፈ ግፊትህን ተለካ፤ ደህና ከሆነም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ድገመው። ጤና ጣቢያም ብዙ ፋርማሲዎችም ይለካሉ። ከመለካትህ 30 ደቂቃ በፊት ቡና፣ ጫትና ሲጋራ አትውሰድ፤ ሽንትህን ሽና፤ ጀርባህን አስደግፈህ፣ እግርህን መሬት አሳርፈህ፣ ክንድህን በልብህ ትክክል አድርገህ አምስት ደቂቃ ተቀመጥ፤ ሲለካህ አታውራ። ቁጥሩን ጽፈህ ያዝ።

— የቤቱን ጨው ቀስ በቀስ ቀንሱ። ምላስ በጥቂት ሳምንታት ይለምዳል። የምትጠቀሙት አዮዲን ያለው ይሁን። ወጥ የምትሠራው እናት ወይም እህት ብቻዋን አትወቀስ፤ "ጨው አነሰው" እያለ የሚያጉረመርመው ወንድ ነው መጀመሪያ አፉን መያዝ ያለበት።

— ተራመድ። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እንቅስቃሴ ይመክራል። መስጂዱ በእግር 10 ደቂቃ የሚርቀው ሰው ሱብሒንና ዒሻን ብቻ በእግሩ ሄዶ ቢሰግድ በቀን 40 ደቂቃ ተራመደ። በአራት ቀን 150ውን አለፈ። አጅሩ ደግሞ ሌላ ነው።

— የአባትህንና የእናትህን መድኃኒት ተከታተል። ሳያልቅ ግዛላቸው፤ የቀጠሮ ቀናቸውን አንተ ያዝ። ለሐጅና ለዑምራ ሲሄዱ ሙሉውን መድኃኒት በእጅ ሻንጣቸው ውስጥ መኖሩን አረጋግጥ። ይህ ከወላጅ ሐቅ ውስጥ ነው።

ለጀማዓችን፦

— በየመስጂዱ ጀማዓ ውስጥ ነርስ፣ ጤና መኮንን ወይም ሐኪም የሆነ ልጅ አይጠፋም። በወር አንድ ጁሙዓ ከሰላት በኋላ ተረጋግቶ የሚለካበት ቦታ በወንዶችም በሴቶችም በኩል ቢዘጋጅ ስንት ሰው በጊዜ ይገኛል! የተለካው ሰው ውጤት አማና ነው፤ ለሌላ አይነገርም። ከፍ ያለበትም እዚያው ክኒን አይሰጠውም፤ ወደ ጤና ተቋም ይላካል።

— መድኃኒት መግዛት ያቃተው ጎረቤት ካለ የወር መድኃኒቱን መሸፈን ሰደቃ ነው። ስትሮክ መትቶት ከወደቀ በኋላ ከምናዋጣው እጅግ ያነሰ ገንዘብ ይበቃዋል። የጤና መድኅን አባል ያልሆኑ አቅመ ደካሞችን ማስመዝገብም እንዲሁ።

— በኒካሕና በሰደቃ ድግስ ላይ ለስላሳው ቀርቶ ውሃና ፍራፍሬ ይቅረብ። አንድ የተከበረ ቤተሰብ ቢጀምረው ሌላው ይከተላል።

በመጨረሻ አንድ አደጋ እንዳንዘነጋ። ፊቱ የተጣመመ፣ አንድ እጁ ወይም እግሩ የሰነፈ፣ ንግግሩ በድንገት የተያያዘ ሰው ካያችሁ "ጅን ነው፣ ቡዳ ነው" እያላችሁ ሰዓት አታባክኑ። ዱዓና ሩቅያ በመንገድ ላይም ይደረጋል፤ መኪናው ግን ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ስትሮክ ላይ የምትባክን እያንዳንዷ ደቂቃ ከአንጎል ላይ ትቀነሳለች።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ጤና አላህ የሰጠን አማና ነው፤ ሰውነታችንም በእኛ ላይ ሐቅ አለው። በሚቀጥለው ተዕዚያ "ሰው አናደደው" የሚል ወሬ ሲነሳ ከእናንተ አንዱ በአደብ ይናገር፤ "አላህ ይዘንለት፤ እኛስ የተለካነው መቼ ነው?" ብሎ ይጠይቅ። ከዚያች ጥያቄ በኋላ ከተቀመጡት ሁለት ሰዎች እንኳ ተነስተው ጤና ጣቢያ ቢሄዱ ትልቅ ኸይር ተሠራ።

አላህ ለታመሙት ሺፋውን ያውርድላቸው። ወላጆቻችንን በዓፊያ ያቆይልን። የሞቱብንን በራሕመቱ ይቀበልልን። እኛንም ጤናችንን ሳናጣት ዋጋዋን ከሚያውቁት ያድርገን። አሚን!

ለወላጆቻችሁ አንብቡላቸው፤ ለጓደኞቻችሁም አጋሩት።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።